ከአረቄ ማግስት ዓይን ሲደበዝዝ፦ ችግሩና መፍትሄው

ባሕር ዳር ላይ ማታ አረቄ ጠጥቶ ጠዋት ራሱን የሚያመው ሰው ሞልቷል። ውሃ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ይሻለዋል። እኔ የምጽፈው ስለማይሻለው ሰው ነው።

ምልክቱ

ሲጠጣ ደህና ነበር። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ግን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። ዓይኑም ይደበዝዛል፤ ጠዋት ጣና ላይ ጉም ሲወርድ ታንኳው እንደማይለየው፣ ፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆንበታል። ይሄ ሃንጎቨር አይደለም!

መንስኤው

ሜታኖል የሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው። በተለይ የሚያስፈራው የኢንዱስትሪ አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ ነው፤ ቢያሸቱትም ቢቀምሱትም አይለይም። ሜታኖል ራሱ እንደማንኛውም አልኮል ያሰክራል፣ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሰውነት ሲፈጨው የሚወጣው ነገር ነው። ጉበት መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ፎርሚክ አሲድ ያደርገዋል። አንጎልም የራሱን ድርሻ ይሠራል፦ ጉበት የሚጠቀምበት አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው ኢንዛይም (አልኮልን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ፕሮቲን) እዚያ እምብዛም ስለሌለ፣ በዋናነት ካታሌዝ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ነው አልኮልን የሚለውጠው። ፎርሚክ አሲዱ ደግሞ ሴሎች ኦክስጅን እያላቸው እንዳይጠቀሙበት ያግዳል። ብዙ ኃይል የሚፈልገው የዓይን ነርቭ ቀድሞ ይጎዳል፤ አንጎል ውስጥ ፑታመን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚቆጣጠር ክፍልም እንዲሁ። ስለዚህ ከሞት የተረፈ ሰው ዓይነ ስውር ሊሆን፣ ወይም እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሊንቀጠቀጥና ሊገትረው ይችላል።

የሚዘገየው ለምንድነው? መርዙ እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ከተለመደው አልኮል (ኢታኖል) ጋር ከተጠጣ ደግሞ የጉበቱ ኢንዛይም ኢታኖሉን ስለሚያስቀድም ምልክቱ ከአንድ ቀንም ሊያልፍ ይችላል።

መፍትሄው

ቶሎ ሆስፒታል። ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ፣ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድረሱ። ምን እንደጠጣና መቼ እንደጠጣ ተናገሩ፣ ጠርሙሱ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሞች ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት ወይም በልክ የሚሰጥ ኢታኖል ተጠቅመው ያንን የጉበት ኢንዛይም ያግዳሉ፣ የደሙን አሲድ በባይካርቦኔት ያስተካክላሉ፣ ፎሊኒክ አሲድ ይሰጣሉ፣ ከባድ ሲሆን ደም በዳያሊሲስ ይታጠባል። «ኢታኖል መድኃኒቱ ከሆነ» ብላችሁ ግን ቤት ውስጥ ሌላ መለኪያ እንዳትቀዱለት! ልኩ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። «ተኝቶ ይነሳ» ብላችሁም አትተዉት፣ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ዓይኑን ያስከፍለዋል።

ከዚያው ጠርሙስ የጠጡትንም ደውላችሁ ጥሩ። ደህና ነኝ ቢሉም ይምጡና ይመርመሩ።