የዛፍ ዘር ቤት ውስጥ እንዴት ይበቅላል?

ዘር ቀብራችሁ፣ ለሳምንታት ውሃ አጠጥታችሁ ምንም ሳይበቅል ቀርቶባችሁ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ዘሩ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ነው። ብዙ የዛፍ ዘሮች እንደ ባቄላ ውሃ ሲነካቸው ወዲያው አይነቁም። የሚቀሰቅሳቸው ነገር ደግሞ እንደየዓይነታቸው ይለያያል። ስለዚህ አፈር ከማዘጋጀታችሁ በፊት የያዛችሁትን ዘር እወቁት።

የአቮካዶና የማንጎ ዘር መድረቅ አይችልም፤ ከደረቀ ይሞታል። ከፍሬው እንዳወጣችሁት አጥባችሁ በቶሎ ትከሉት። የማንጎን ጠንካራ ሽፋን በመቀስ ቀስ ብላችሁ ብትከፍቱት ውስጡ ያለው ፍሬ ቶሎ ይወጣል።

የግራር ዘር ሌላ ነው። ልባሱ ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱት። ጥቂት በረድ ሲል ዘሩ ላይ አፍስሱበትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ዘሩን ግን እሳት ላይ እንዳትቀቅሉት! ጠዋት ያበጡት ለመዘራት ዝግጁ ናቸው። ያላበጡትን በጥፍር መቁረጫ ልባሳቸውን ትንሽ ቁረጡ፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓቸው፤ ከዚያ እንደገና ንከሯቸው። የምትቆርጡት ወይም የምትፈገፍጉት ከእትብቱ፣ ማለትም ዘሩ ከእናቱ ጋር ተያይዞ ከነበረበት ጠባሳ፣ በተቃራኒ በኩል ይሁን። ጽንሱ ያለው በእትብቱ አካባቢ ነውና።

የፖም ዘር ደግሞ ብርዳማ ወቅት ያለፈ እስኪመስለው ድረስ አይነሳም። እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ከ2 እስከ 3 ወር ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ማቀዝቀዣው ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ይሁን፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ አታስገቡት። ፌስታሉ ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ ትረሱታላችሁ። በየሳምንቱ እያያችሁ ሻጋታ ካለ ሶፍቱን ቀይሩ። ከዘር የሚወጣው ፖም የእናቱን ጣዕም ላይዝ እንደሚችል ግን ከአሁኑ እወቁ።

አሁን ወደ አፈሩ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ረዘም ያለ ዕቃ ምረጡ፤ ብዙ ዛፍ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። አፈር፣ አሸዋና ኮምፖስት እኩል ቀላቅሉ። ዘሩን የውፍረቱን እጥፍ ያህል ጥልቀት ቅበሩት። የአቮካዶን ግን ሰፊውን ጎን ወደ ታች፣ ሾጣጣውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጫፉ ብቅ ይበል። ሶፍት ውስጥ ሥር ያወጣ ዘር ካላችሁ ሥሩን ወደ ታች አድርጉት፤ በጣም ስስ ስለሆነ በጣት አትያዙት።

ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ለብዙዎቹ ይስማማል። ውሃ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። እኔ ብዙ ዘር ያጣሁት በድርቅ ሳይሆን ውሃ በማብዛት ነው። አፈሩ የተጨመቀ ስፖንጅ ያህል ብቻ ይርጠብ። ከመጠን ያለፈ እርጥበት ፈንገስ ያመጣል፤ ያን ጊዜ ትናንት ቆሞ የነበረው ቡቃያ ግንዱ ከአፈሩ ጥግ ቀጥኖ ይወድቃል። ከወደቀ አይድንም። ሌሎቹን ለማትረፍ አየር እንዲያገኙ አድርጉ፣ ውሃውንም ቀንሱ።

ቡቃያው እውነተኛ ቅጠሎቹን (ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥለው የሚመጡትን) ሲያወጣ ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምዱት፤ መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመራችሁ። አቮካዶ ለመብቀል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። እስከዚያ «ምን ደረሰ?» እያላችሁ አትቆፍሩት።