የልጅ ልደት በቤት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ልደት ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ከቀኑ 8፡30 ተጀምሮ 10፡30 ላይ ቢያልቅ ልጁ ከምሳ በኋላ ትንሽ ተኝቶ ይነሣል፣ እንግዳውም የደሴ ብርድ ሳይጠነክር ቤቱ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግቢን አትመኑ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይቀርም፤ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ሳሎኑን ባዶ ማድረግ ይሻላል።

ቀኑን ስትመርጡ የሁሉንም ጎረቤት ሁኔታ አስቡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ያገናኛል። ረመዳን ላይ ከዋለ ከኢፍጣር በኋላ ለትንሽ ልጅ ስለሚመሽ ከዒድ በኋላ ወዳለው ቅዳሜ ማሻገር ነው፤ ልጁ እንደሆነ ቀን አይቆጥርም። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ደግሞ ትክክለኛ ቀኑ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣለት፤ ከ2015 በኋላ የሚቀጥለው 2019 ላይ ነው። እስከዚያው ጳጉሜን 5 ይከበርለታል።

ኬኩ ለምን ይሰምጣል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከኢንተርኔት ወይም ከዱቄት ማሸጊያ ላይ የሚገኘው የኬክ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ አካባቢ የተሰላ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ቶሎ ይነፋል። ኬኩ ገና ሳይጸና ጫፍ ይደርስና መሐሉ ይወድቃል። ውኃውም ቶሎ ስለሚተን ይደርቃል። ብዙ ሰው «ምድጃው ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቤኪንግ ፓውደሩ ብዛት ነው።

ወርዱ 24 ሳንቲሜትር ለሆነ ክብ መጋገሪያ፣ 15 ልጆችን የሚያዳርስ፦ ዱቄት 375 ግራም (3 ኩባያ)፣ ስኳር 260 ግራም፣ የፈረንጅ እንቁላል 4 (የሐበሻ ከሆነ 6፣ ትንንሽ ስለሆነ)፣ ዘይት ሦስት ሩብ ኩባያ፣ ወተት 1 ኩባያና 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር ተላጭቶ የተለካ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር። ይህ የደሴ ልክ ነው። ለኮምቦልቻ ቤኪንግ ፓውደሩን ሁለት ተኩል አድርጉ፤ ከተጨመረው ወተት ሁለቱን ማንኪያ ቀንሱ።

እንቁላሉንና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቱ፤ ዘይቱንና ወተቱን አስከትሉ፤ ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ነፍታችሁ ጨምሩና ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን አቁሙ። ከዚያ በላይ ከታሸ እንደ ዳቦ ይለጠጣል። መጋገሪያው ከግማሽ በላይ አይሞላ። ምድጃው አስቀድሞ 190 ዲግሪ ይሙቅ (ኮምቦልቻ 180 ይበቃል)፤ 25 ደቂቃ ሳይሞላ በሩን አትክፈቱ፤ ከ35ኛው ደቂቃ ጀምሮ በስንጥር ውጉት፤ ስንጥሩ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ በስሏል። መሐሉ ከጎደጎደ በሚቀጥለው ጊዜ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ። አናቱ ሾሎ ከተሰነጠቀ ምድጃው በዝቶበታል።

የምትጋግሩት በዋዜማው ነው፤ በዕለቱ መብራት ቢጠፋ እንዳትደነግጡ። ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ክሬሙ ግን በማግስቱ ይቀባል።

ጾም ላይ ከሆነ እንቁላልና ወተት የሌለበት አለ፦ ዱቄት 3 ኩባያ፣ ስኳር 1 ተኩል፣ ቤኪንግ ሶዳ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ዘይት ሁለት ሦስተኛ ኩባያ፣ ውኃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ 2 ኩባያ፣ ኮምጣጤ 2 የሾርባ ማንኪያ። ኮምጣጤው መጨረሻ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ወሬ የለም፣ ወዲያው ወደ ምድጃ። ሶዳውና ኮምጣጤው አረፋቸውን ጨርሰው ከሆነ የሚወጣው ጠፍጣፋ ነው። ይህን ኬክ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጿሚውም ያልጾመውም ስለሚበላው ከጾም ውጭም ቢሆን እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። የቫኒላ ፈሳሽ አንዳንዱ አልኮል አለበት፤ የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ ጥያቄውን ያስቀራል።

ኬኩን ደሴ አዝዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርዱ ከሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጭን ላይ አይያዝ፤ የመኪናው ወለል ላይ ይቀመጥ። የተመታ ክሬም ወደ ሙቀቱ ሲወርድ ስለሚቀልጥ በቅቤ የተሠራውን እዘዙ። በተቃራኒው ኮምቦልቻ የተነፋ ፊኛ ደሴ ሲደርስ ያብጣል፤ ጢም ብሎ ከሆነ መንገድ ላይ ይፈነዳል፣ ሹፌሩም አይወደውም።

ድፎው

ኬክ ቢኖርም ባይኖርም አያት የሚጠብቁት ድፎ ዳቦውን ነው። ለ20 ሰው 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ለብ ያለ ውኃ በቂ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል ኩፍ የሚለው ሊጥ ደሴ ብርድ ላይ ሦስት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ሰዓት አትቁጠሩ፤ እጥፍ መሆኑን እዩ። ኮባ ካገኛችሁ ከላይም ከታችም አልብሱት።

ዳቦውን በልጁ ጀርባ ላይ የመቁረስ ልማድ ባለበት ቤት ድፎው በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ወፍራም ንጹሕ ጨርቅ ከሥሩ ይነጠፍ፤ ቢላዋ አይቅረብ፣ በእጅ ነው የሚቆረሰው። ልጁ ከፈራ አንድ ትልቅ ሰው አቅፎት በእሱ ጀርባ ይቆረስ።

ሥጋውን ተዉት

በሁለቱም ከተማ ከአንድ አጥር ሙስሊምም ክርስቲያንም ይመጣል፤ የእርዱ ነገር ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ ይጠይቃል። ለልጅ ልደት ያ ሁሉ አያስፈልግም። የምስር ሳምቡሳ ሥሩ፦ 1 ኪሎ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ወደ 40 ትንንሽ ይወጣዋል። ምስሩ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ደሴ ላይ ቶሎ አይበስልም፣ ውኃው ከ92 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ። ከበሰለ በኋላ ውኃው ጠብ እስኪል ይጥለል፤ እርጥብ ከገባ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሙዝና ብርቱካን ጨምሩበት። የሚለመጥ ከረሜላ የአሳማ ጄላቲን ሊኖርበት ስለሚችል ማሸጊያውን አንብቡ። ሳህኑን ስትቆጥሩ የጠራችሁትን ልጅ ቁጥር በግማሽ ጨምሩ፤ ታናሽ ወንድሙን ሳያስከትል የሚመጣ የለም።

አደጋ የሚመጣባቸው ቦታዎች

ፈንድሻ፣ ቆሎና ለውዝ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ መታነቂያ ናቸው፤ ለትልልቆቹ በሌላ ክፍል ይቅረብ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ወዲያው ይለቀም። በረዶ መሳይ አረፋ የሚረጨው ቆርቆሮ በእሳት የሚያያዝ ጋዝ ስላለበት ሻማ በበራበት ክፍል ጨርሶ አይከፈት። የልጅ ፀጉር የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ቡናው ከልጆቹ ጨዋታ ተለይቶ ይፈላ። ጀበናና ሲኒ ወለል ላይ፣ የሚሮጥ ልጅ በመካከል፣ አይሆንም። ደሴ ሲበርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይለመዳል፤ ጢሱ ባይታይም ይመርዛልና አንድ መስኮት ይከፈት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ፣ ከዚያ ምግብ፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ኬክ። ኬኩን ለመጨረሻ ማቆየት ስህተት ነው፤ ልጁ ደክሞት ሻማውን ሳያይ ይተኛል። ሻማውን በትንሽ ሳህን ላይ ባለ ለብቻ ቁራጭ ላይ ሰኩት፤ እሱ ላይ እፍ ይበል፣ የእንግዳው ኬክ ከምራቅ ይድናል። የአንድ ዓመት ልጅ ጭብጨባ ስለሚያስደነግጠው ዝግ ብላችሁ ዘምሩ። ከኬኩ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመርቁ፤ ዱዓውም ምርቃቱም አጠር ይበል፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ሲባል ሕፃናቱም አሜን ይላሉ።

ስጦታ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው የሚከፈተው፤ አለዚያ በአሻንጉሊት ጠብ ይነሣል። ለቀሩት የቤት ሰዎች ድፎ ተቋጥሮ ይላክ። ክሬም ያለበት ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን አይለፍ፤ ኮምቦልቻ ላይ መብራት ከጠፋ ግን ያኑ ማታ ለጎረቤት አከፋፍሉት።