ከፍ ካለ በኋላ የመጣ ችግር፦ የሊፍት ኪት ምርጫ ስህተቶችና መፍትሄያቸው

ሊፍት ኪት፣ ማለትም መኪናን ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ፣ ተገጥሞለት «ድሮ እንዲህ አልነበረም» እየተባለ የሚመጣልኝ መኪና ብዙ ነው። ባለቤቱ ገጣሚውን ይወቅሳል፣ ገጣሚው ደግሞ ዕቃውን። ከሥር ገብቼ ስመለከት ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጸመው አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ ኪቱ በተመረጠበት ቀን ነው። «ስንት ሴንቲ ሜትር ያነሳል?» ተብሎ የተገዛ ኪት ተመልሶ ይመጣል፤ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ተብሎ የተገዛው ብዙም አይመለስም።

የጎማውን ነፋስ፣ የቸርኬ ብሎኖችንና የመሪ ቴስቲናዎችን (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያዎችን) ቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ ንባቡን ትታችሁ እነሱን እዩ።

ባዶውን ሲሄድ ይነጥራል፤ ኋላው ከተባለው በላይ ከፍ ብሏል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የፊቱ ጎማ በሰላም ያልፋል፣ የኋላው ግን ተሳፋሪውን ከወንበሩ ያነሳዋል። ኮረኮንች ኩርባ ላይ ጎማው መሬቱን በመከተል ፈንታ በላዩ ስለሚነጥር ኋላው ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ከጎን ሲታይ መኪናው አፍንጫውን የደፋ ይመስላል።

ምክንያቱ ለጭነት የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ መገጠሙ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «50 ሚሊ ሜትር» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቁጥሩን የሚወስነው ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው «ከ300 ኪሎ ቋሚ ጭነት ጋር» የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 3 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ ከኋላ ሁለት ቢኖር፣ ኋላውን በአንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ 6 ኪሎ ያስፈልጋል። 300 ኪሎን ለ6 ስናካፍል 50 ይመጣል። ያ ጭነት ከሌለ ኋላው ከታሰበው 5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆማል፤ 50 የተባለው 100 ሆነ ማለት ነው።

አንድ ላንድ ክሩዘር ልክ እንዲህ ሆኖ መጣ። ባለቤቱ ለረጅም ጉዞ የሚሆን መሳቢያ፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክና የጣሪያ ድንኳን ሊገጥም አስቦ ከሁሉ የከበደውን ሞላ ገዛ። ሞላው ተገጠመ፤ መሳቢያውም ታንኩም ድንኳኑም ሳይገዙ ቀሩ። መኪናው ሥራው ልጆችን ትምህርት ቤት ማመላለስ ነው። እኔ ጋ እስኪደርስ ድረስ «አሞርዛተሩ ነው» እየተባለ ሁለት ጊዜ አሞርዛተር (የሞላውን ንጥረት የሚያረጋጋው ዕቃ) ተቀይሮለታል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሚበልጥ ዋጋ። ባለ 50 ኪሎ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ከኋላ አስጫንኩና አብረን ዞርን። ሰውየው ፊቱ በራ፤ «አገኘኸው! ምን አደረግህ?» አለኝ። ምንም አላደረግሁም። ሞላው የተሠራለትን ክብደት አገኘ። ያን ዕለት ሲሚንቶውን አውርጄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለባዶ መኪና የተሠራውን ሞላ ገጠምኩ፤ አሞርዛተሩ እስካሁን ያው ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። የብረት መከላከያና ዊንች (መጎተቻ) የተሸከመ ኒሳን ፓትሮል፣ ፊቱ ላይ ለባዶ መኪና የተሠራ ሞላ። በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቱ ወደ ድሮ ቁመቱ ተመለሰ። ባለቤቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሞላው ላይ ስፔሰር (ቁመት መሙያ ቀለበት) ጨመረ። ስፔሰር ቁመት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። መኪናው ከፍ ብሎ ታየ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን እንደ በፊቱ መቆሚያ ጎማው ላይ (አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚያቆመው የጎማ ቁራጭ ላይ) ይደፋል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከሚዛን ነው። ነዳጁን ሙሉ፣ በየቀኑ የሚጫነውን ጫኑ፣ የተለመደው ሰው ይቀመጥበትና የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ውጡ። መጀመሪያ የፊቱን አክስል (ሁለቱ የፊት ጎማዎች ያሉበትን) ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ አስመዝኑ። አጠቃላይ ድምሩ ለሞላ ምርጫ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልጓችሁ ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። ሚዛን ባይገኝ በግምት ደምሩ፦ የብረት መከላከያ ከዊንች ጋር ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል፣ 60 ሊትር ናፍጣ 50 ኪሎ ያህል ነው፣ ሁለተኛ ባትሪ ከ20 ኪሎ በላይ።

ከኋላ አክስል ወዲያ የሚንጠለጠል ነገር ደግሞ ከራሱ ክብደት በላይ ይመዝናል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2.85 ሜትር ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ወደ ኋላ 100 ኪሎ ብትሰቅሉ የኋላው አክስል 135 ኪሎ ይቀበላል፣ የፊቱ 35 ኪሎ ይቀልለዋል። ትርፍ ጎማና ጀሪካን በኋላ በር ላይ የሚደረድሩ ሰዎች ይህን ሳያውቁ «መሪው ቀለለኝ» ይላሉ።

አለካካሱም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አትለኩ፤ ጎማ ሲቀየር ወይም ነፋስ ሲጎድል ቁጥሩ ይለወጣል። የሜትሩን ጫፍ የቸርኬው መሃል ላይ አድርጉና ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፤ አራቱንም ጎማ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ በወረቀት። መኪናው ከክሪክ እንደወረደም አትለኩ። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰቡ መሬት ስለሚነኩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይቆማል። ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድታችሁ ለኩ።

ሞላው የሚመረጠው ለየቀኑ ክብደት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ጉዞ አይደለም። ጭነቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ በሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ለኋላው ጥሩ መላ ነው። ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ባለው ፒካፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከረጢቱ ባሌስትራው ለሁለት ጫፍ ያካፍለው የነበረውን ጭነት ሻንሲው ላይ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከልክ በላይ ጭነው በአየር ቀና ያደረጉት ፒካፕ ሻንሲው ሲታጠፍ አይቻለሁ። ባሌስትራው ለባዶ መኪና ከጠነከረ ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን ማውጣት ይቻላል።

መሪው ይዋልላል፤ ከኩርባ ሲወጣ ራሱን አይመልስም

ይህ የሚመጣው ፊቱ አንድ ወጥ አክስል ሆኖ በረጃጅም ብራቾ (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ) በተያዘ መኪና ላይ ነው፤ ፓትሮል፣ ጂምኒ፣ ሞላ ያላቸው የድሮ ላንድ ክሩዘሮች። የፊት ጎማ የሚዞርበት ምሰሶ እንደ ብስክሌት ሹካ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ካስተር የሚባለው ያ ነው፣ መሪውንም ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። መኪናው ሲነሳ ብራቾው ያዘቀዝቃል፣ አክስሉም አብሮት ይሽከረከራል። የአንድ ሜትር ብራቾ በ50 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል። ከፋብሪካ የተሰጠው 3 ዲግሪ ገደማ ከነበረ ምን እንደቀረ አስሉት።

«አላይመንት ተሠርቶለታል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። በእነዚህ አክስሎች ላይ አላይመንት የሚያስተካክለው የጎማዎቹን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማየት ብቻ ነው፤ ካስተሩን የሚያዞር ብሎን የለም። የማሽኑን ንባብ በወረቀት ጠይቁ። መፍትሄው ቀዳዳው ከመሃል የተዛነፈ ጎሚኒ (በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባ የጎማ ቀለበት) ነው፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከያ ሳህን ወይም ታጥፎ የተሠራ አዲስ ብራቾ ይፈልጋል። እነዚህን የማያካትት የ100 ሚሊ ሜትር ኪት ግማሽ ኪት ነው፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው።

የፊቱ አክስል ከመሃል ወደ አንድ ጎን ከወጣ ደግሞ አክስሉን ከጎን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ፣ ፓናር የምንለው፣ አጥሯል፤ መኪናው ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ግጠሙ።

በ70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትንሽ ጉብታ ነክቶ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ቢንቀጠቀጥና እስኪቆም ባይለቅ፣ እባካችሁ የመሪ አሞርዛተር ቀይራችሁ «ዳነ» አትበሉ። በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፤ እናንተ ከሥር ተኝታችሁ ጣታችሁን የፓናሩ ዘንግ ብሎን ላይ አድርጉ። ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ሲንቀሳቀስ በጣታችሁ ይሰማችኋል፤ ቀዳዳው እንቁላል ሆኗል። ብየዳና አዲስ ብሎን ነው መድኃኒቱ። ቀዳዳው ሳይጠገን መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

ፊቱ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ መኪና፦ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ይላል

ሃይለክስና መሰሎቹ ላይ የሚሸጠው ርካሽ ኪት ከፊት አሞርዛተሩ አናት ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማው ላይ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ያነሳል፤ አሞርዛተሩ ብራቾውን የሚይዘው መሃሉ ላይ ስለሆነ። ገዢው በዚህ ይደሰታል። ችግሩ ግን ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠልም የዚያኑ ያህል መጨመሩ ነው፤ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) እና የላይኛው ቦል ጆይንት (ብራቾው ጫፍ ላይ ያለው ሉል መገጣጠሚያ) ከተሠሩበት ማዕዘን ያልፋሉ። የሲቪው ጎማ ሽፋን ይቀደዳል፣ ቸርኬው ውስጥ ግራሶ ይረጫል፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል።

ስፔሰር ላይ ስፔሰር አትደርቡ። ረጅም ሞላ ባለው አሞርዛተር ላይም ስፔሰር አትጨምሩ። ሽፋኑ ተቀዶ ከሆነ «እስከ ወር መጨረሻ» አትበሉ፤ አቧራ ከገባ ሽፋን ሳይሆን ሲቪ ነው የምትገዙት። በነዚህ መኪኖች 50 ሚሊ ሜትር ላይ መቆም ብልህነት ነው፤ እሱንም በተስማሚ ሞላና አሞርዛተር፣ ካስተሩን ለመመለስም በአዲስ የላይኛ ብራቾ። የፊቱን ዲፈረንሻል ዝቅ የሚያደርግ ማስቀመጫ ማዕዘኑን ይቀንሳል፤ ግን ከፍ ያደረግነውን መኪና ሆድ መልሶ ዝቅ ማድረግ ነው።

ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የብረት ምት ይሰማል

ሞላው ረዝሟል፣ አሞርዛተሩ የድሮው ነው። ተዘርግቶ ያልቅና ይመታል። ስትገዙ የአሞርዛተሩን ሁለት ርዝመት ጠይቁ፤ ሲዘረጋና ሲታጠፍ። ሞላውን አውጥታችሁ አክስሉን በክሪክ እስከ መቆሚያ ጎማው አንሱት፤ በዚያን ጊዜ አሞርዛተሩ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው መቆሚያውን አስረዝሙ። ከልክ በላይ የረዘመ ደግሞ ሞላውን ከመቀመጫው ያስለቅቀዋል።

አዲሱ ጎሚኒ በወራት ተቀደደ

ብሎኖቹ የጠበቁት መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። ጎሚኒ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲነካ ጀምሮ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ መጀመሪያ ያንገጫግጫል፣ ቀጥሎ ከመሃል ብረቱ ዙሪያ እንደ አሮጌ ቆዳ ይሰነጠቃል። የብራቾና የባሌስትራ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነው። ይህን ያልሰማ ገጣሚ እስካሁን መኖሩ ይገርመኛል።

የተቀሩት ባጭሩ

ሲፋጠን ከሥር የሚመጣ መርገብገብ፦ የካርዳን ዘንጉ (ኃይልን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ተዛብቷል፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ክሮቼራዎች (መስቀል መገጣጠሚያዎች) እኩል ማዕዘን ይኑራቸው፣ ባሌስትራ ላይ በሽብልቅ ሳህን ይስተካከላል።

ረዥም የባሌስትራ ማንጠልጠያ፦ የጭማሪውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ 50 የገዛ 25 ያገኛል፣ አክስሉንም ያዞራል።

ብሎክ (በባሌስትራና በአክስል መካከል የሚገባ የብረት ቁራጭ)፦ ከፊት ባሌስትራ ሥር በፍጹም። ከኋላም አንዱን ባንዱ ላይ መደረብ በፍጹም። ዩ ቅርጽ ያላቸውን ብሎኖች አዲስ ግዙ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ።

የፍሬን ቱቦ፦ ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ፣ መሪው ዳር ድረስ ተጠምዝዞ ይታይ። የተወጠረ ቱቦ ይዞ የሚወጣ መኪና ቁልፉን አልሰጥም።

ኋላው ፍሬን አልይዝ ካለ፦ በጭነት የሚሠራው የኋላ ፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ መኪናው መነሳቱን ሲያይ ባዶ ነው ብሎ ያስባል። የዘንጉን መያዣ በተነሳው ልክ ከፍ አድርጉለት።

ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለው ክፍተት አልጨመረም የሚል ቅሬታ፦ አይጨምርም። ሊፍት ኪት አካሉን እንጂ አክስሉን አያነሳም፤ አክስሉን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ነው፣ ከ31 ወደ 33 ኢንች መሄድ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል።

ከፊት የሚመጡ መኪኖች ሌሊት መብራት ብልጭ እያደረጉ ቢያስቸግሯችሁ፦ የፊት መብራታችሁ ዓይናቸው ውስጥ ነው። ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ አውርዱት፣ አምስት ደቂቃ ነው።