ስም ይዞ ለመጣ ልጅ ስም ማውጣት

ጉዲፈቻ ልታሳድጉ ስትሉ ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ማን ልትሉት ነው?" ብሎ ነው። እኛ ቤት የመጣው ልጅ ሶስት አመቱ ነበር፣ ስሙ ገመቹ፣ እናቴ ወዲያው "በቃ ደስታ በሉት፣ ትርጉሙ ያው ነው" አለች፣ እውነትም ያው ነው፣ ግን ደስታ ስንለው ዞር ብሎም አያየን፣ ገመቹ ስንለው ደሞ ከጓሮ እየሮጠ ይመጣል።

ስለዚህ ልጁ ስሙን ሲሰማ የሚዞር ከሆነ አትቀይሩት። ከተወለደበት ቤት ይዞት የመጣው ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ህጉም ቢሆን ጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አያቋርጥም። በ1977 ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በወሰደው በዘመቻ ሙሴ የገቡ ብዙ ልጆች ወዲያው የእብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር፣ ካደጉ በኋላ ወደ ድሮ ስማቸው የተመለሱ አሉ።

ከዛ አጠራሩን ተማሩ። እኛ ገመቹን እያላላን ነበር የምንጠራው፣ ለካ መም ቹም ይጠብቃሉ፣ ጎረቤታችን ያሉ ኦሮሞ እናት ናቸው እየሳቁ ያረሙን። የሚያውቅ ዘመድ ካለ ስሙን ማን እንዳወጣለት፣ ለምን እንደወጣለት ጠይቃችሁ ፃፉት፣ አንድ ቀን ራሱ ይጠይቃችኋል።

"እኛስ ምንም ስም አናወጣለትም?" የሚል አይጠፋም። ታወጣላችሁ እንጂ! እኛ ሀገር አንድ ሰው በአንድ ስም ብቻ ተጠርቶ አያውቅም፣ የቤት ስም አለ፣ ክርስቲያን ከሆናችሁ የክርስትና ስም አለ፣ ቁልምጫ አለ። እናቴ እስካሁን ደስታ ነው የምትለው፣ አሁን ይሰማታል፣ እኔ ደስታ ካልኩት ግን "ገመቹ ነኝ" ይለኛል 😄

ጨቅላ ከሆነና ስም ከሌለው ምርጫው የናንተ ነው፣ ብቻ ተጠንቀቁ፣ የኛ ስም ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ወላጁ ነው የሚያወራው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉት ሌላ ልጅ ለሞተበት ቤት የሚወጡ ናቸው፣ የናንተን ሀዘን ለምን ይሸከም? ተገኝና አገኘሁም ለሌላው ልጅ ቆንጆ ስሞች ናቸው፣ ለጉዲፈቻ ልጅ ግን ትምህርት ቤት የት እንደተገኘ መጠየቂያ ይሆኑበታል። የመረጣችሁትን ከአባት ስም ጋር ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ አባት ዘገየ ከተባለ ልጁ ደስታ ዘገየ ሊሆን ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የጉዲፈቻ ውል ፍርድ ቤት ካላፀደቀው አይሰራም፣ ስለዚህ የስሙን ነገር ከዛ በፊት ጨርሱ፣ ልጁ መናገር የሚችል ከሆነ እሱንም ጠይቁት። ጉዲፈቻ እንደ ልደት ሁሉ ወሳኝ ኩነት ላይ ይመዘገባል። ውጭ ሀገር የምትኖሩ ደሞ የላቲን ፊደሉን አንዴ ወስናችሁ ፓስፖርቱም የክትባት ካርዱም የትምህርት ቤቱም ላይ አንድ አይነት አድርጉት፣ ጨ እና ጠ ያለበት ስም በየቢሮው ሌላ ሌላ ተደርጎ ነው የሚፃፈው፣ ከዛ በኋላ ማስተካከሉ ወራት ይፈጃል።