በውሳኔ አሰጣጥ ጥያቄዎች ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሎጂክ ፈተናዎች ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ የዋህ መስሎ የሚታየው የውሳኔ አሰጣጥ ጥያቄ ነው። ቀመር አይጠይቅም፣ ሥዕል የለውም፣ አነጋገሩም ከማንኛውም የሥራ ማስታወቂያ አይለይም፦ የቅጥር መስፈርቶች ይዘረዘራሉ፣ የአንድ አመልካች ሁኔታ ይቀርባል፣ ተፈታኙም ይወስናል። ጅማ ውስጥ ለባንክ ቅጥርና ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ምሩቃንን ሳስጠና የማየው ግን፣ የቁጥሩን ክፍል አሳምረው የሚሠሩ ልጆች ሳይቀሩ እዚህ ነጥብ መጣላቸውን ነው፤ የሚጥሉትም ሰነፍ ሆነው ሳይሆን ወረቀቱ ያልነገራቸውን ጭምር ስለሚያውቁ ነው።

ለማብራሪያ የሚሆን ጥያቄ ላቅርብ። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለጅማ ቅርንጫፉ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ መቅጠር ይፈልጋል እንበል። አመልካቹ፣ አንደኛ፣ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውና አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 2.75 የሆነ፤ ሁለተኛ፣ ከተመረቀ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት የሠራ፤ ሦስተኛ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ፣ ከ32 ዓመትም ያልበለጠ፤ አራተኛ፣ አፋን ኦሮሞ መናገርና መጻፍ የሚችል፤ አምስተኛ፣ በጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ 60 ከመቶ ያገኘ መሆን ይኖርበታል። ሁለት ልዩ ሁኔታዎችም አሉ። ሌሎቹን ሁሉ አሟልቶ ሁለተኛው መስፈርት ብቻ የጎደለው፣ ነገር ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያለው አመልካች ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ይመራል። ሌሎቹን ሁሉ አሟልቶ አምስተኛው ብቻ የጎደለው፣ ነገር ግን በጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ 55፣ በቃለ መጠይቁ ደግሞ ቢያንስ 75 ያገኘ ለቦርዱ ይመራል። መልስ የሚመረጠው ከአምስት ነው፦ ይመረጣል፣ አይመረጥም፣ ለሥራ አስኪያጁ ይመራል፣ ለቦርዱ ይመራል፣ ወይም መረጃው ለመወሰን አይበቃም።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ያልተጻፈውን ማንበብ ነው። አንዲት አመልካች ተወልዳ ያደገችው አጋሮ ነው፤ በአካውንቲንግ በ3.1 ተመርቃለች፤ ከተመረቀች በኋላ በአንድ ባንክ 4 ዓመት ሠርታለች፤ በተጠቀሰው ቀን ዕድሜዋ 27 ዓመት ነው፤ በጽሑፍ ፈተናው 68 አግኝታለች። ይህን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ትመረጣለች!» ይላል። ቋንቋውን ከየት አገኛችሁት ብዬ ስጠይቅ፣ «አጋሮ አድጋ አፋን ኦሮሞ ሳትችል ትቀራለች እንዴ?» የሚል መልስ ይመጣል፤ አንዳንዱም የገዛ ጎረቤቱን ምስክር አድርጎ ይጠራል። አጋሮ ያደገ ሰው አፋን ኦሮሞ ቢናገር የሚገርም እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ስለ አጋሮ ሕዝብ ሳይሆን ስለዚህች አመልካች ነው፤ ስለ እሷ ቋንቋ ደግሞ አንድ ቃል አልተጻፈም። መናገሩን እንኳ ብንፈቅድላት መስፈርቱ መጻፍንም ይጠይቃል፤ ይህንንስ ማን መሰከረላት? ስለዚህ መልሱ «መረጃው አይበቃም» ነው፤ ጥያቄ አውጪውም የትውልድ ከተማዋን የጠቀሰው ይህንኑ ወጥመድ ለመዘርጋት ነው። በወረቀቱ ላይ ከመስፈርቶቹ ከአንዱም ጋር የማይገናኝ ዝርዝር ሲያዩ ቢጠረጥሩ ይበጃል።

የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ በልምድ ላይ ይታያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በትምህርት ዘመናቸው ወደ ኅብረተሰቡ እየወጡ በቡድን የሚሠሩት ተግባራዊ ልምምድ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ስለሆነ፣ ብዙዎች «የጅማ ምሩቅ ነው» የሚለውን ሲያነቡ ልምምዱን ከሥራ ልምድ ይደምሩለታል። መስፈርቱ «ከተመረቀ በኋላ» ይላል፤ ከምርቃት በፊት የተሠራው፣ ኢንተርንሺፑም ጭምር፣ ምንም ያህል ቢደክሙበት ለዚህ ጥያቄ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ «4 ዓመት ሠርቷል» ብሎ መቼ እንደሠራ ካልገለጸ ደግሞ መረጃው ጎደለ እንጂ መስፈርቱ አልተሟላም።

ይህን ትምህርት የሰሙ ተማሪዎች በማግስቱ ተቃራኒውን ስህተት ይዘው ይመጣሉ፦ አንዲት ነገር በጎደለች ቁጥር «መረጃው አይበቃም» ይላሉ። ስለ ቋንቋው ያልተነገረለት አንድ አመልካች አማካይ ውጤቱ 2.6 ነው እንበል። የመጀመሪያው መስፈርት ወድቋል፤ ለእርሱ የተሰጠ ልዩ ሁኔታ ደግሞ የለም። ቋንቋውን ቢችልም ባይችልም ውሳኔው ስለማይለወጥ መልሱ በቀጥታ «አይመረጥም» ነው። ራስን መጠየቅ የሚገባው፣ የጎደለው መረጃ ቢገኝ መልሱ ይለወጣል ወይ ተብሎ ነው። ሌሎቹን ሁሉ አሟልቶ በጽሑፍ ፈተናው 57 ያገኘ፣ የቃለ መጠይቁ ውጤት ግን ያልተገለጸ አመልካች ቢቀርብ፣ 75ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ቦርዱ ይሄዳል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መረጃው በእርግጥም አይበቃም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገባው ተማሪ ከክፍሉ ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

ልዩ ሁኔታን እንደ ምሕረት ወይም እንደ ሽልማት መቁጠርም በብዛት ይታያል። አምስቱንም መስፈርቶች ያሟላ፣ በዚያ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው አመልካች ሲመጣ፣ ማስተርሱን ያዩ ልጆች ቸኩለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ይልኩታል። ምን ጎድሎበት? ልዩ ሁኔታው በር የሚከፍተው አንድ ነገር ለጎደለው ብቻ ስለሆነ ይህ ሰው ይመረጣል። በተቃራኒው፣ 2 ዓመት ብቻ የሠራ፣ ማስተርስ ያለው፣ በጽሑፍ ፈተናው 57፣ በቃለ መጠይቁ 80 ያገኘ አመልካች ሲቀርብ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለሥራ አስኪያጁ፣ ግማሹ ለቦርዱ ይላል፣ አንድ ተማሪም በአንድ ወቅት «ሥራ አስኪያጁ አይቶ ለቦርዱ ያስተላልፈው» የሚል የቢሮ አሠራር ፈጥሮ አስቆናል። ሁለቱም ልዩ ሁኔታዎች «ሌሎቹን ሁሉ አሟልቶ» ብለው ስለሚጀምሩ፣ ሁለት ቦታ የጎደለው ሰው በየትኛውም በር አይገባም፤ አይመረጥም።

በዕድሜ ስሌት ላይ የሚታየው ስህተት ዓመተ ምሕረትን ከዓመተ ምሕረት ብቻ መቀነስ ነው። ግንቦት 10 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ ከ2017 ላይ 1992 ሲቀነስ 25 ስለሚሆን ያለፈ ይመስላል፤ በጥር 1 ቀን ግን ገና 24 ዓመት ከ7 ወር ነው፣ ስለዚህ ይወድቃል። ሰኔ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ 33 ስላልሞላው «32 ነው፣ ያልፋል» ይባልለታል፤ 32 ዓመት ከ6 ወር ሆኖታልና ከ32 በልጧል። ይህ ዓይነት ጥያቄ በሕንድ የባንክ ቅጥር ፈተናዎች የታወቀ ስለሆነ ከዚያ በተወሰዱ የመለማመጃ ወረቀቶች ላይ ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይገኛሉ፤ የልደቱ ቀንና የመቁጠሪያው ቀን በአንድ አቆጣጠር እስከሆኑ ድረስ ወደ እኛ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው። የዲግሪ ውጤት በመቶኛ ሲሰጥም እንዲሁ፣ ወደ 4 ነጥብ ለመቀየር የሚታገሉ የኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ኢንጂነሮቼን ሁሌም አስቆማለሁ፤ መስፈርቱና አመልካቹ በአንድ መለኪያ ተቀምጠዋልና እንዲሁ ያነጻጽሯቸው።

«ቢያንስ 60» ሲባል 60 ራሱ ያልፋል። 2.74 ግን፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን፣ 2.75 አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት የሚመጣው ከድካም ነው። በአንድ የመስፈርት ዝርዝር ሥር ብዙ ጊዜ አምስት ያህል አመልካቾች ይቀርባሉ፤ ተፈታኙም ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መስፈርቶቹን በቃሉ የያዘ ስለሚመስለው ወደ ላይ ማየት ያቆምና 55ቱን ከ60ው፣ ቦርዱን ከሥራ አስኪያጁ ያደባልቃል። ለእያንዳንዱ አመልካች በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 5 ጽፎ፣ ከየቁጥሩ አጠገብ ለተሟላው የራይት፣ ለወደቀው የኤክስ፣ ላልተነገረው የጥያቄ ምልክት ማድረግ ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ይወስዳል። ወረቀቱ የአመልካቹን መረጃ ሆን ብሎ ከመስፈርቶቹ ቅደም ተከተል አዛብቶ ስለሚያቀርብ፣ ምልክቱ መደረግ ያለበት የአመልካቹን ታሪክ እየተከተሉ ሳይሆን መስፈርቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ነው፤ አለዚያ ያልተነገረው መስፈርት ሳይታይ ይታለፋል።