የክረምት ካምፕና የታዳጊዎች እምነት፦ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ታዳጊዎችን ሰብስቦ ካምፕ ማውጣት በደሴም በኮምቦልቻም ላሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ልጁ ለጥቂት ቀናት ከስልኩና ከሰፈሩ ይርቃል፣ ጠዋት ማታ ቃሉን ይሰማል፣ ከወላጅ ውጭ የሆነ በዕድሜ የሚበልጠው አማኝ ደግሞ ጊዜ ሰጥቶ ያዳምጠዋል። እምነቱን የሚቀርጸው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ካምፕ ሲበላሽ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። እዚህ ያነሣናቸው ስህተቶች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በሚዘጋጅ የአምስት ቀን ካምፕ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው።

የመጨረሻዋን ምሽት የካምፑ ፍሬ አድርጎ መቁጠር

በአራተኛው ምሽት ኪቦርዱ ዝግ ብሎ ይመታል፣ ሰባኪው «እጃችሁን አንሡ» ይላል፣ የአዳራሹ ግማሽ ያነሣል። ለሽማግሌዎች የሚቀርበው ሪፖርትም «ይህን ያህል ልጆች ጌታን ተቀበሉ» የሚል ይሆናል። እግዚአብሔር በዚያ ምሽት አይሠራም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ልጁ ለሦስት ቀን በቂ እንቅልፍ አላገኘም፣ ጓደኛው ከጎኑ እያለቀሰ ነው፣ ሲነጋ ደግሞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ያነሣው እጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስሜቱ ሲበርድ «ያኔ የተሰማኝ ውሸት ነበር» ብሎ ይደመድማል፣ ለከርሞ ካምፕ ሲመጣ እንደገና ያነሣል። አንድ ልጅ በየክረምቱ «ጌታን ሲቀበል» ከታየ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ጥሪው በሁለተኛው ምሽት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን ይተርፋል። በማግስቱ የቡድን መሪው እያንዳንዱን ልጅ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ ተቀምጦ ያነጋግር። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ትናንት ምን ሰማህ? ያልገባህ ምንድን ነው? ቤት ስትመለስ ለማን ትነግራለህ? ልጁ መልሱን በራሱ እጅ በካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱን ራሱ ይያዘው። ሦስተኛውን መመለስ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፤ አይገደዱ። ለኋላው ክትትል ግን ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ይህ ነው፤ ለማንም መናገር የማይችል ልጅ ሲመለስ ብቻውን እንደሚሆን ከወዲሁ ያሳያል። እጁን ያላነሣውንም እኩል ጊዜ ሰጥቶ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አስቦ የሚወስነው እሱ ነው።

መርሐ ግብሩን ማጨናነቅ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ጸሎት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት የአምልኮ መዝጊያ፣ በመካከሉ አራት ትምህርት። ይህ ለአገልጋዩ ትጋት ይመስለዋል። ታዳጊ ግን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት፤ ያልተኛ ልጅ በሦስተኛው ቀን በትንሽ ነገር ያለቅሳል ወይም ይጣላል፣ የሰማውም አይያዝለትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ይጥፋ፣ ከጠዋቱ 12፡30 መነሣት። በቀን ሁለት ትምህርት፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፤ ከምሳ በኋላ ማንም የማይመራው አንድ ሰዓት ተኩል። ቁምነገር ያለው ጨዋታ የሚነሣው በዚህ ባዶ ሰዓት፣ ኳስ ሲጠለዝና ድንች ሲላጥ ነው።

ክረምቱንና የቦታውን ከፍታ መርሳት

የበጋ ዕቅድ ይዞ ሐምሌ ላይ መውጣት የተለመደ ጥፋት ነው። በእኛ አካባቢ የክረምት ዝናብ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ደግሞ ድምፅ ማጉያም አያድንም። ዋናው ትምህርት ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይያዝ፣ ከሰዓት በኋላ ለትንንሽ ቡድኖች ይተው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ደሴ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ አጎበር። ለወላጆች መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የወባ ምልክት ትንኟ ከነከሰች ከ7 ቀን በፊት እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ ትኩሳቱ የሚጀምረው ልጁ ደሴ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም ኮምቦልቻ ማደሩን ይናገሩ። ጠመዝማዛውንም መንገድ ልጆች ጭኖ በማታና በጉም መውጣት አይገባም።

ቡድን መሪን በመዝሙር ችሎታው መምረጥ

ጥሩ ዘማሪ ሁሉ ጥሩ አድማጭ አይደለም። በአንድ ቡድን ከ6 እስከ 8 ልጅ፣ መሪው ቢያንስ በአምስት ዓመት የሚበልጣቸው፣ ለሴቶች ሴት መሪ። ማንም መሪ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ፤ በየመኝታ ክፍሉም ሁለት ኃላፊ ይመደብ።

የ45 ደቂቃ ጥናት ሲመራ አሥሩ ለንባብ፣ ሃያ አምስቱ ለውይይት፣ አሥሩ ለጸሎት ይሁን። «ኢየሱስ ኃያል ነው አይደል?» ብሎ ከጠየቀ «አዎ!» ተብሎ አለቀ። ማርቆስ 4፥35–41ን አንብቦ «ደቀ መዛሙርቱ ሲቀሰቅሱት ተቆጥተው ነው ወይስ ፈርተው? አንተስ እንዲህ ብለህ ጸልየህ ታውቃለህ?» ቢል ግን ዝም ያለው ልጅ ይናገራል። ከጥያቄው በኋላ መሪው እስከ አሥር በልቡ ይቁጠር፤ ዝምታው ስለከበደው ራሱ የሚመልስ መሪ ልጆቹን ዝም ማለት ያስተምራቸዋል።

ጥያቄን እንደ ክህደት ማየት

ወሎ ነው ያለነው። የልጁ የቅርብ ጓደኛ ሙስሊም ነው፣ ምናልባት አያቱም፤ በዒድና በገና ማን ለማን እንደሚልክ ያውቃል። ስለ ሥላሴ ሲጠየቅ የሚመልሰው አጥቶ የመጣ ልጅ «ዝም ብለህ እመን» ከተባለ ለከርሞ አይጠይቅም፤ አይመጣምም። የጎረቤቱን እምነት በማንቋሸሽ የሚሰጥ መልስ ደግሞ ግቢው ሲመለስ አፍ ያስይዘዋል፣ በዓይኑ የሚያያቸው ደጋግ ሰዎች ሌላ ነገር ይነግሩታልና። ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሳጥን በር ላይ ይቀመጥ፣ ማታ ይከፈት፣ አስተማሪው አድሮበት ጠዋት ይመልስ። «ይህን አላውቀውም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ማለትም መልስ ነው።

ወላጆችም ካምፑ ላይ ምን እንደሚሰበክ ሳይሸፋፈን አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በጽሑፍ ፈቃድ ያልሰጡበት ልጅ አይወሰድ።

ኃጢአትን በመድረክ ማናዘዝ

ከተማው ትንሽ ነው። ማክሰኞ ማታ በማይክ የተነገረ ገመና ሰኞ ፒያሳ ላይ ይሰማል። ምስክርነት የሚሰጥ ልጅ የሚናገረውን ለመሪው ቀድሞ ይንገር። በደል የደረሰበት ልጅ ሲናገር «ለማንም አልነግርም» ተብሎ ቃል አይገባለት፤ ለልጆች ደህንነት ጥበቃ የተመደበው ኃላፊ ማወቅ አለበት። በጥያቄ ማዋከብም አይገባም፤ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል መመዝገብ በቂ ነው።

ጾምና መድኃኒት

ስኳር ወይም ጨጓራ ያለበትን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አስጹሞ ማዋል፣ ይባስም ብሎ «ተፈውሰሃል» ተብሎ መድኃኒቱን እንዲያቆም ማድረግ ከስህተት ያለፈ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቢወድቅ ጋኔን ለማስወጣት አይጮኽበት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ይቅር፤ በጎኑ ይተኛ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ ሰዓት ይያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ይወሰድ። ለዚህ ሲባል አንድ መኪና ከነሹፌሩ ግቢው ውስጥ ይደር። ካምፑ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሆነ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ፍልሰታን ሊጾሙ ይችላሉ፤ ወጥ ቤት ሽሮና ምስር ለይቶ ይሥራላቸው፣ ማንም አይቀልድባቸው።

አውቶቡሱ ሲመለስ ሥራው አለቀ ማለት

በሶሲዮሎጂ ምሁሩ በክርስቲያን ስሚዝ መሪነት በአሜሪካ የተካሄደው ብሔራዊ የወጣቶችና የሃይማኖት ጥናት በታዳጊዎች እምነት ላይ ከማንም በላይ ተጽዕኖ ያላቸው ወላጆች መሆናቸውን አሳይቷል። ካምፑ ከቤት ጋር ካልተገናኘ አምስቱ ቀን ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጆቹ በሚመለሱበት ዕለት ወላጆች ለግማሽ ሰዓት ይሰብሰቡና ልጆቹ የተማሩት ይነገራቸው፤ እቤት «እንዴት ነበር?» ከማለት «የትኛውን ክፍል አነበባችሁ? እስቲ አብረን እናንብበው» ማለት እንደሚሻል ይመከሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የቡድን መሪው ይደውል፣ በሁለተኛው ቤት ድረስ ይሂድ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ያው ቡድን በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይገናኝ። የስልክ ካርዱና የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከካምፑ በጀት ጋር አብሮ ይያዝ፤ ካምፑ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ገንዘቡ ቀድሞ ለሳውንድ ሲስተም ኪራይ ወጥቷል።