ኦኪፈኖኪ በካያክ፦ አዞ አዞ ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአትላንታ ወደ ደቡብ አምስት ሰዓት ገደማ ከነዳችሁ፣ ጆርጂያ ከፍሎሪዳ ጋር የምትዋሰንበት ቦታ ላይ ኦኪፈኖኪ የሚባል ግዙፍ ረግረግ አለ። ስፋቱ ከ400 ሺህ ኤከር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የሚጠበቅ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። አብዛኛው ክፍሉም በ1974 ሰው እንዳይነካካው በሕግ ተከልሏል። መንገድ የለም፣ ቤት የለም፣ መብራት የለም። ውስጡን ማየት የፈለገ በጀልባ ይገባል። ለዚህ ደግሞ ካያክ የሚባለውን ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ የሚያህል የለም። ድምፅ የለውም፤ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይም ይሄዳል።

ስለዚህ ቦታ ለሐበሻ ወዳጆቼ ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። «አዞ የለበትም እንዴ?» አለበት፤ ያውም በሺዎች የሚቆጠር። ነገር ግን እዚያ ሄዶ የሚቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በአዞ አይደለም። በፀሐይ፣ በነፋስ፣ በመብረቅና በመመለሻው ርቀት ነው።

አሊጌተርን የጫሞ አዞ አድርጎ ማየት

አርባ ምንጭ ሄዶ የጫሞን የአዞ ገበያ ያየ ሰው ካያክ ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። እዚያ በፕላስቲክ ጀልባ መውጣት እብደት ነው። የናይል አዞ ከ5 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ሰውም ይበላል። ጉማሬውም አለ። የኦኪፈኖኪው አሊጌተር ሌላ ዝርያ ነው። ትልልቆቹ ወንዶች 4 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። አፍንጫቸው ሰፋና ክብ ያለ ነው። ሰው ምግብ እየሰጠ ካላለማመዳቸው በቀር ካያክ ሲጠጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብለው ይሰምጣሉ። ጉማሬ ደግሞ የለም።

ዋናው ስህተት የሚመጣው ይህ ከገባን በኋላ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መቅዘፊያውን አንቆ ይዞ የነበረ ሰው ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አውጥቶ ሊጠጋ ይሞክራል። አትጠጉ። የጀልባችሁን ርዝመት አምስት እጥፍ ያህል ራቁ። ዳር ላይ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ አሊጌተር ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ውሃ ነው። ውሃው ላይ ያላችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። በእሱና በውሃው መካከል አትግቡ። ጠባብ መተላለፊያ ላይ መሐል ቆሞ ከጠበቃችሁ፣ ቁሙ። ጀልባውን በመቅዘፊያ ኳ ኳ አድርጉና ታገሡ። ቦታውን የሚለቀው እሱ ነው፤ ችኮላው የእኛ ነው።

ጫጩቶቹን በተመለከተ ቀልድ የለም። እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ነው። ጫጩቶቹ ቢጫ ሸንተረር ያላቸው፣ ትንንሽ፣ እንደ ዶሮ ጫጩት የሚጮኹ ናቸው፤ ያምራሉ። ግን እናታቸው ቅርብ ናት፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ትጠብቃቸዋለች። «እስስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ኋላ ቅዘፉ።

ምግብ መወርወርም በጆርጂያ ሕግ ክልክል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከሰው እጅ የበላ አሊጌተር ሰው ባየ ቁጥር ምግብ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ለመጪው ሰው አደገኛ ይሆናል፣ መጨረሻው ደግሞ መገደል ነው። ውሻ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣትም አይፈቀድም፤ ውሻ ለእነሱ ከሰው ይልቅ የሚታወቅ ታዳኝ ይመስላል።

የተሳሳተ በር መምረጥ

ረግረጉ ሦስት ዋና መግቢያ አለው፤ አንዱ ከሌላው በመኪና ሩቅ ነው። ስልካችሁ ላይ «ኦኪፈኖኪ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ የማታስቡት ቦታ ሊወስዳችሁ ይችላል። በሰሜን ዌይክሮስ አጠገብ ያለው ፓርክ ለልጆችና ለአጭር ጉብኝት ይሻላል። በምሥራቅ በፎክስተን በኩል ረጅም ቦይና ውሃ የሸፈነው፣ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ክፍት ሜዳ አለ። በምዕራብ በፋርጎ በኩል ስቲቨን ፎስተር ስቴት ፓርክ ነው፤ የቢሊ ሐይቅና ግንዳቸው ውሃ ውስጥ የቆሙ የሳይፕረስ ዛፎች ያሉት እዚያ ነው።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ምሥራቁን ነው። ቦዩ ቀጥ ያለ ስለሆነ መጥፋት አይቻልም። ነገሩን ሳስበው ሁሌ ያስቀኛል፤ ይህን ቦይ በ1890ዎቹ ያስቆፈረው ረግረጉን አድርቆ እንጨቱን ሊሸጥ የተነሣ ኩባንያ ነበር። 12 ማይል ያህል ቆፍሮ ገንዘቡ አለቀና ጥሎት ሄደ። ዛሬ እኛ እንቀዝፍበታለን።

መሄዱን ብቻ ማስላት

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ክንድ አልደከመም፣ ነፋስ የለም። «ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደፊት» እየተባለ አራት አምስት ማይል ይገባል። ቀትር ላይ ለመመለስ ሲዞሩ ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ቦዩ ውስጥ ዛፍ ይከልላል፣ ክፍቱ ሜዳ ላይ ግን የሚከልል ነገር የለም። ጀማሪ በደህና ሰዓት እንኳ በሰዓት ሁለት ማይል ቢሄድ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ማረፊያ አለመኖሩ ነው። ዳርቻው መሬት ይመስላል እንጂ መሬት አይደለም። ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የበሰበሰ ዕፅዋት ንጣፍ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 15 ጫማ ይደርሳል። ስትረግጡት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይውጣችኋል። በየመሐሉ የተሠሩ ጥቂት የእንጨት መድረኮች አሉ፤ የት እንዳሉ ካርታ ላይ ሳታዩ አትነሡ። በውሃ ላይ መሄድን ለማያውቁ ልጆች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ «ሽንቴ መጣ» የሚባለው ሁሌ መድረክ በሌለበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሰዓት ቁረጡ። አምስት ሰዓት ካላችሁ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ምንም ብታዩ ዙሩ። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። የት እንደገባችሁና መቼ እንደምትወጡም ለአንድ ሰው ተናገሩ።

በሐምሌ መሄድ

ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብዙ ቤተሰብ የሚያስበው በጋውን ነው። የአሜሪካ ደቡብ ሐምሌ ግን እንደ ሸራተን ሳውና ነው፤ ክፍያ የለውም እንጂ። ትንኝና ዝንቡ አይጣል ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው በድንገት ይጠቁርና መብረቅ ይጀምራል። ክፍት ሜዳ ላይ ካያክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዙሪያው ካለው ሁሉ ከፍ ያለው ነገር እሱ ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ፎቶውን ተዉትና ከክፍቱ ሜዳ ቶሎ ውጡ።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። በተለይ የካቲትና መጋቢት። አየሩ ለስለስ ይላል፣ አሊጌተሮቹ ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ይወጣሉ፣ ወፉም ብዙ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ

ውሃው ጥልቅ አይደለም እያሉ የሚያወልቁት አሉ። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ይህን ማፈር አያስፈልግም፣ መልበስ ነው። ታቹ ጭቃ ስለሆነ ቆሜ እወጣለሁ ማለት አይሠራም። በጆርጂያ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ለብሶ መገኘት አለበት። መዋኘት ደግሞ ለማንም አይፈቀድም።

የሚጠጣ ውሃ ከሚመስላችሁ በላይ ያዙ። የረግረጉ ውሃ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው፤ ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን ቅጠልና ቅርፊት እየለቀቀው ነው። ግን አይጠጣም። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ሰንስክሪን። ለስንቅ ቆሎን የሚበልጥ አላገኘሁም፤ አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ በእርጥብ እጅም ይበላል።

እንስሳቱን ማባረር

ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ነድቶ ይመጣና ስፒከር ይከፍታል። ወይም እየተጠራራ ይቀዝፋል። ከዚያ «ምንም አላየንም» ይላል። በካያክ እንስሳ የሚታየው ቀድሞ በመድረስ ሳይሆን ቆሞ በመጠበቅ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ግቡ። አንድ ጥግ ላይ መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አሳርፉና ሃያ ደቂቃ ዝም በሉ። ግንባሩ ቀይ፣ ሰውነቱ ግራጫ የሆነው ሳንድሂል ክሬን የሚባል ወፍ ከሩቅ ይጮኻል፤ ድምፁ ማይል አልፎ ይሰማል። አንሂንጋ የሚባለው ጠላቂ ወፍ ዓሣ አድኖ ይወጣና ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ኦተር የሚባለው ዋናተኛ እንስሳ እየተገለባበጠ ያልፋል።

ወደ ታችም ተመልከቱ። እዚህ አፈሩ ምግብ ስለሌለው ነፍሳት የሚበሉ ዕፅዋት በቅለዋል። አንዳንዱ እንደ ማሰሮ ሆኖ ዝንቡን ውስጡ ያሰጥመዋል። ቆርጦ መውሰድ ክልክል ነው።

ያለ ፈቃድ ለማደር መሞከር

በመድረኮቹ ላይ ማደር ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ ይያዛል። በአንድ ቦታ አንድ ቡድን ብቻ ያድራል። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ከጨለመ በኋላም መድረኩን ለቆ መቅዘፍ አይፈቀድም። በመጀመሪያ ጉዟችሁ ይህን አትሞክሩት፤ ከተማ ውስጥ እደሩና ጠዋት ተመለሱ።

በምዕራብ በኩል የምትገቡ ከሆነ ፋርጎ ሳትደርሱ ነዳጅ ሙሉ። ከዚያ እስከ ፓርኩ 18 ማይል ያህል ጫካ ብቻ ነው። ማታ ስትመለሱ ቀስ በሉ፤ ክንዳችሁ ደክሟል፣ መንገዱም ላይ አጋዘን አለ።